ፒንጉ ከፍ ያለ አይግባ ካላችሁ ምኑን ሞከራችሁት?

ባለፈው ሳምንት የወጣውን ማስታወቂያ ሳነብ ደሜ ፈላ። ለወራት በክፍት ሙከራ ላይ የቆየ አንድ የሰርቫይቫል ሞድ (አርማ በሚባለው የጦር ጨዋታ ላይ ተጫዋቾች የሠሩት፣ በሕይወት ለመቆየት የሚታገሉበት ጨዋታ) ሰርቨሮቹን ለሕዝብ ዘጋ። ስሙን አልጠራም፤ የሚጫወተው ሰው ያውቀዋል። ከአሁን በኋላ የሚገባው ዋይትሊስት (የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር) ላይ ስሙ ያለ ብቻ ነው። እዚያ ለመግባት ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። ፒንጉ (መልእክት ከኮምፒዩተሩ ሰርቨሩ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ) ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ የሆነ ሰው ቅጹን ሞልቶ ቢያልፍ እንኳ ሰርቨሩ ራሱ ያባርረዋል። ገንዘብ የለገሰ ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም።

ከላይ ግን አሁንም "ክፍት የሕዝብ ሙከራ" ተብሎ ተጽፏል። የቱ ሕዝብ?

ከማስታወቂያው ይልቅ ያናደደኝ በኋላ የመጣው መልስ ነው። ሰው ሲያማርር ከሠሪዎቹ አንዱ ብቅ ብሎ፣ ከፍተኛ ፒንግ ያላቸው ተጫዋቾች የሙከራውን ውጤት እያበላሹብን ነው አለ። ይህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሙከራ የሚደረገው እኮ የሚበላሸው ነገር የቱ ጋ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ድልድይ ሠርቶ በላዩ ብስክሌት ብቻ ያሳለፈ መሐንዲስ፣ ሲኖትራክ ይችላል ብሎ መፈረም አይችልም። እነዚህ ልጆች እያደረጉ ያሉት ይህንኑ ነው።

የእህቴ ልጅ ጀሞ ነው የሚኖረው። 19 ዓመቱ ነው። ሞዱን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይጫወታል። የዛሬ ሁለት ወር ገደማ አንድ ማታ እነሱ ቤት ነበርኩ። ላፕቶፑን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። እህቴ ቡና እያፈላች ነው። ልጁ ጨዋታው ውስጥ ያለ ጫካ ላይ ድንኳን ተክሎ ቦርሳውን ከነጠመንጃው እዚያ አስቀመጠ። ወዲያው መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ ግን የለውም። የሚያጫውተው ሰውዬ ስክሪኑ ላይ እንደቆመ ደርቆ ቀረ። ቀጥሎ ግንኙነቱ መቋረጡን የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ። አርባ ደቂቃ በሻማ ተቀምጠን ቡናውን ጨረስን።

መብራት ሲመጣ ተመልሶ ገባ። ቦርሳው ጀርባው ላይ ነው። ግራ ገብቶት ድንኳኑን ከፈተ። ቦርሳው እዚያም አለ። ያው ጠመንጃ፣ ያው ሦስት ጣሳ ባቄላ።

"ጋሼ፣ እየው እስቲ! ሁለት ሆነ!" አለኝ።

የሆነው ነገር ለገባው ሰው ቀላል ነው። ሰርቨሩ ድንኳኑን ወዲያው ይመዘግባል። ተጫዋቹን ግን የሚመዘግበው በየጥቂት ደቂቃው ነው። በሁለቱ መካከል መስመር ከተቋረጠ ድንኳኑ አዲሱን ያስታውሳል፣ ተጫዋቹ አሮጌውን። ስለዚህ አንዱ ቦርሳ ሁለት ይሆናል። ይህን ያወቀ ሰው ሆን ብሎ ገመዱን እየነቀለ ሰርቨሩን በጠመንጃ ሊሞላው ይችላል። በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም፤ የዕቃው ዋጋ ሁሉ ገደል ይገባል።

ልጁ ሊደብቀው ይችል ነበር። አልደበቀም። በሚችለው እንግሊዝኛ ሦስት አንቀጽ ጻፈ። መስመሩ የተቋረጠበትን ሰዓት ጻፈ። ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አንስቶ አብሮ ላከ። በሚቀጥለው አፕዴት ላይ፣ ግንኙነት ሲቋረጥ ዕቃ የሚባዛበት ስህተት መታረሙን የምትገልጽ አንዲት መስመር ገባች። አመሰገኑት። ያንን ምስጋና ለእናቱ እያነበበ ተረጎመላት።

የዚህ ልጅ ፒንግ በደህና ቀን 180 ነው። አሁን መግባት አይችልም።

ቤቱ ድረስ ፋይበር የገባለት፣ መብራት ሲጠፋ አይቶ የማያውቅ የፍራንክፈርት ተጫዋች ያንን ስህተት በምን ያገኘዋል? ዓመት ሙሉ ቢጫወት መስመሩ በዚያች ደቂቃ ላይ አይቆረጥበትም። ሞዱ ወጥቶ ሲሰራጭ ግን ተጫዋቹ የፍራንክፈርት ሰው ብቻ አይደለም። ናይሮቢም፣ ማኒላም፣ ሊማም፣ ጀሞም ይጫወቱታል። ያን ጊዜ ስህተቱ በአንድ ልጅ ሳይሆን በሺህ ሰው እጅ ይገኛል። ሺው ሁሉ ደግሞ እንደ እህቴ ልጅ ሪፖርት አይጽፍም።

ፒንግን እንደ ጥፋት የሚያዩ ሰዎች ካርታ የሚያዩ አይመስለኝም። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ነው እንበል። ከአዲስ አበባ እስከዚያ በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ገመዱ እንደ ክር ተወጥሮ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊወርድ አይችልም። ገመድ ደግሞ እንደዚያ አይሄድም። አገራችን ባሕር የላትም። መስመሩ በጎረቤት አገር አድርጎ ነው ባሕር ላይ የሚደርሰው። በጅቡቲ በኩል ሲወጣ ከቀይ ባሕር ሥር ይሄዳል፣ ግብፅን ያቋርጣል፣ ሜዲትራንያንን ይሻገራል። በየመንገዱ ያለው መሣሪያ ሁሉ የራሱን ጥቂት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ ገመዶች ሲቆረጡ ደግሞ ትራፊኩ በሌላ፣ በረዘመ መንገድ ዞሯል። 180 ማለት ይህ ሁሉ ነው። ልጁ ሰነፍ ሆኖ ወይም ርካሽ ዕቃ ገዝቶ ያመጣው ቁጥር አይደለም። በ150 ላይ መስመር ያሰመረ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ አገር ነው የከለከለው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ሰው ተበታትኖ ነው የሚኖረው። የእህቴ ልጅ ከአጎቱ ልጆች ጋር ነው የሚጫወተው። አንዷ ቨርጂኒያ ናት፣ አንዱ ዱባይ ነው። ቅዳሜ ማታ ተደዋውለው አብረው ይገባሉ። ሰርቨሩ የትም ይሁን የት ከሦስቱ አንዱ መራቁ አይቀርም። እነዚህ ልጆች በአካል ከተገናኙ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ያቺ ጨዋታ ሳሎናቸው ነበረች።

ፒንጉ ከፍ ያለ ተጫዋች ሌላው ዓይን ላይ እየዘለለ ይታያል፣ ሊመታም አይችልም ይላሉ። እውነት ነው፣ ይዘላል። ታዲያ አስተካክሉታ! የተኩስ ጨዋታው ካውንተር ስትራይክ እ.ኤ.አ. በ1999 በቤታ (በሙከራ ሥሪት) ሲወጣ ሃፍ ላይፍ የሚባል ጨዋታ ሞድ ነበር። ሚን ሌ እና ጄስ ክሊፍ ሠርተው ለሕዝብ ለቀቁት። ያን ጊዜ ስንቱ ሰው በስልክ መስመር ሞደም ነበር የሚጫወተው። ከ200 በላይ ፒንግ የተለመደ ነበር። የሃፍ ላይፍ ሠሪ ኩባንያ ቫልቭ እነዚያን ሰዎች አላባረረም። ሰርቨሩ ተኳሹ ያየውን ቅጽበት ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲያሰላ አደረገ። ዛሬ ብዙ የተኩስ ጨዋታዎች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ባለቀርፋፋ መስመሩ ተጫዋች ያኔ በር ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመፍታት ማን ይለፋ ነበር? ማንም!

ቀጥሎ የሚመጣው ሰበብ አጭበርባሪ ነው። ክፍት ሰርቨር ሀከር ያመጣል ይላሉ። ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአርማ 2 ላይ ተሠርቶ የወጣው የዴይዚ ሞድ በሀከር ተሰቃይቷል። አንድ ሰው ኮድ አስገብቶ ሰርቨር ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገድል ያየን ሰዎች አለን። ግን ዴይዚ ምን አደረገ? ሠሪው ዲን ሆል ሞዱን ገና አልፋ (ያልተጠናቀቀ የሙከራ ሥሪት) ሳለ ለሰው ሁሉ ለቀቀ። ሰርቨር የሚከራዩት ተጫዋቾችና ክላኖች (የተጫዋቾች ቡድኖች) ነበሩ። የተጫዋቹን ዕቃና ያለበትን ቦታ ከሚያስቀምጠው ማዕከላዊ የመረጃ ቋት ጋር የሚገናኝ ሰርቨር በፓስዎርድ መቆለፍ አይችልም ነበር። ደንቡ ይህ ነበር። የቆለፈ ከቋቱ ይቆረጥ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ እዚያ የሚቀጣው በሩን የዘጋ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ አካባቢ ተጫዋቹ አንድ ሚሊዮን ደረሰ። አርማ 2 ወጥቶ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ ለዚህ ሞድ ሲባል እንደገና በገፍ ተሸጠ።

ከዚያ ሕዝብ መካከል ብራዚል የሚኖር አንድ አየርላንዳዊ ነበር። ብሬንዳን ግሪን ይባላል። ፎቶ አንሺና ዲዛይነር እንጂ የጌም ኩባንያ ሰው አልነበረም። ዴይዚን ተጫወተ፣ ወደደው፣ ከዚያ ተነስቶ የራሱን የባትል ሮያል (መጨረሻ የተረፈው የሚያሸንፍበት) ሞድ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፐብጂ ሆኖ ወጣ። አሁን ጀሞ ታክሲ ተራ ላይ ቆማችሁ ዙሪያችሁን እዩ፤ ስልኩ ላይ ፐብጂ የሚጫወት ልጅ አታጡም።

የእነዚህን ሠሪዎች ቅጽ ለዚያ ሰው ስጡት እስቲ። የመጀመሪያው ጥያቄ "የሙከራ ልምድ አለዎት?" ይላል። የለውም። ሁለተኛው በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚጫወት ይጠይቃል። ሦስተኛው ማን እንዳመጣው። አራተኛው ፒንጉን። በዚህ ቅጽ የሚያልፈው የሠሪዎቹ ጓደኛ ነው፣ የጓደኛቸው ጓደኛ ነው። ጓደኛ ደግሞ ጨዋታው አሰልቺ ነው ብሎ ፊት ለፊት አይናገርም። ለምጣዱ ሲባል አይጧ ትለፍ ይላል የእኛ ሰው። እነዚህ አይጧን ሲያሳድዱ ምጣዱን ሰበሩት።

ስለ ለጋሾቹ ብዙ አልልም። ሰርቨር ኪራይ በዶላር እንደሚከፈል አውቃለሁ። ሠሪዎቹ ደሞዝ እንደሌላቸውም አውቃለሁ። ገንዘብ ለሰጠ ሰው ስሙን ጻፉለት፣ ልዩ ኮፍያ ስጡት። ወረፋ ግን ወረፋ ነው። ሁለት ሰዓት የጠበቀን ልጅ ገፍቶ የሚገባ ሰው ካለ ያ ሙከራ መሆኑ ቀርቶ ንግድ ሆኗል።

ሰርቨር ይሞላል፣ ይህን ማንም አይክድም። አዲስ ቨርዥን በወጣበት ቀን ለጥቂት ሰዓት በጥቂት ሰው ዘግተው ቢያዩት አልቃወምም። ከዚያ በኋላ ግን ይከፈት። ስድስት ሰርቨር ካላቸው አንዱን ለዋይትሊስት ያድርጉት፣ አምስቱን በመጣበት ተራ ያስገቡ። ሁለት ሰዓት የተጫወተ ይውጣና ተራውን ለሌላ ይልቀቅ። ያጭበረበረን በስቲም (የጨዋታ መሸጫ መድረክ) መለያው ያግዱት፣ ምክንያቱንም በግልጽ ይጻፉ። የተነካካ ፋይል ይዞ የመጣን ሰው ለይቶ የሚመልስ የፊርማ ማረጋገጫ አርማ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ ያብሩት። የፒንግ ገደቡን ያንሱና በምትኩ ፒንጉን በሰርቨሩ ሎግ (መዝገብ) ላይ ይመዝግቡት። በ180 የሚሰበረው ምን እንደሆነ፣ በ250 የሚሰበረው ምን እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያቸዋል። ይህን ዓይነት መረጃ በገንዘብ የሚገዙ ኩባንያዎች አሉ። እነሱ በነጻ ሲመጣላቸው በር ዘጉበት።

የእህቴ ልጅ ቅጹን ሞልቷል። ተው ብዬው ነበር፣ አልሰማኝም። "የሙከራ ልምድ" የሚለው ቦታ ላይ የዚያን ማታውን ነገር ከመብራቱ ጀምሮ ጽፎ ፎቶውን አያይዟል። ፒንግ በሚለው ቦታ 180 ብሎ እውነቱን ሞላ። ከላከው ዘጠኝ ቀን ሆነው። ትናንት ማታ ስደውልለት መልስ እንዳልመጣለት ነገረኝ።