ጠባቂ ወይስ አሳዳጅ? በ29ኛው ተራ ላይ የአጎትና የእህት ልጅ ክርክር

አጎት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእህቱ ልጅ ደግሞ አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። ሁለቱም የዋሽንግተን ኮማንደርስ ደጋፊዎች ናቸው። ከዚህ በታች የቀረበው በ2025 የጸደይ ወራት፣ ከተጫዋቾች ምርጫ በፊትና በኋላ በጽሑፍ የተሟገቱት ነው። ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ በየሚያዝያው ከኮሌጅ የሚወጡ ወጣቶችን ለ32 ቡድኖች በተራ ያስመርጣል፤ ድራፍት ይሉታል። ባለፈው ወቅት የወደቀው ቡድን አስቀድሞ፣ የተሳካለት ዘግይቶ ይመርጣል። ዋሽንግተን በ2024 ወቅት 12 ጊዜ አሸንፎ እስከ ኮንፈረንሱ (የሊጉ አንዱ ግማሽ) ፍጻሜ ስለደረሰ ተራው 29ኛ ሆነ። በሰባቱም ዙር በእጁ የቀረው አምስት ምርጫ ብቻ ነበር። ዓመቶቹና ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የእህት ልጅ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እንደሚቆጡ እያወቅሁ ልጀምረው። በ29ኛው ተራ መውሰድ ያለብን አሳዳጅ ነው፤ ከመስመሩ ዳር ተስፈንጥሮ የባላጋራን ኳርተርባክ፣ ማለት ኳሱን የሚወረውረውን የአጥቂዎች መሪ፣ ኳሱን ሳይወረውር መሬት ላይ የሚጥል ሰው። ባለፈው ወቅት ይህን ሥራ ከሁሉ አብልጦ የሠራልን ዳንቴ ፋውለር ነበር፤ 10.5 ሳክ አስመዘገበ። (ሳክ ኳርተርባኩን እንዲያ መጣል ነው፤ ግማሿ ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ሲጥሉ የሚካፈሏት ናት፤ ባለፈው ጠይቀውኝ ነበር።) በመጋቢት ፋውለር ባላንጣችን ዳላስ ገባ። ዳላስ! በምትኩ የመጡት ደግሞ ማንንም የሚያስፈሩ አይደሉም።

የጥር 26ቱን የኮንፈረንስ ፍጻሜ አብረን ነው ያየነው። የፊላደልፊያው ሯጭ ሳኳን ባርክሊ ኳሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲይዝ 60 ያርድ ሮጦ ገባ፤ እርስዎ ገና እንጀራዎን አልቆረሱም ነበር። ፊላደልፊያ 55፣ እኛ 23። ያው ፊላደልፊያ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ፣ በሱፐር ቦውል፣ የካንሳስ ሲቲውን ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን ስድስት ጊዜ ጣለው፤ ያውም ከኋላ አንድም ተጨማሪ ሰው ሳይልክ፣ ከፊት በተሰለፉት ብቻ። በአራት ሰው ኳርተርባክን ማስጨነቅ የቻለ ቡድን ሰባት ሰው ይተርፈዋል፤ ሰባት ሰው ደግሞ ሜዳውን ይዘጋል።

እነዚያን ሰዎች ፊላደልፊያ ከየት አመጣቸው? መረጣቸው። ጆርዳን ዴቪስን በ2022 በ13ኛ ተራ፣ ጄለን ካርተርን በ2023 በ9ኛ ተራ፣ በዚያው ዓመት ኖላን ስሚዝን በ30ኛ ተራ። በሠላሳኛ፣ ጋሼ! ከእኛ ተራ በአንድ ብቻ ይርቃል። እኔ ዓይኔን የጣልሁት በቦስተን ኮሌጁ ዶኖቫን ኤዚሩዋኩ ላይ ነው፤ በመጨረሻው የኮሌጅ ወቅቱ 16.5 ሳክ አለው። እጁ ረጅም፣ የመጀመሪያ እርምጃው እንደ ጥይት ነው።

አጎት፦

ልጄ፣ ጽሑፍህን በሥራ ዕረፍቴ አነበብሁት፤ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ቁጥርህ ትክክል ነው፤ ሚዛንህ ግን ያጋደለ ነው።

አንድ ነገር ላጫውትህ። በ1983 ከሱዳን እንደመጣሁ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ መሐል ከተማ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር። የቁልፍ ማንጠልጠያው ሥር አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረችን፤ አንቴናዋ ላይ የብር ወረቀት ጠምጥመንባት። ኅዳር 18 ቀን 1985፣ ሰኞ ማታ ነው። ከኒው ዮርክ ጃይንትስ ጋር እንጫወታለን። የእኛው ጆ ታይስማን ኳሱን ለሯጩ ሰጠ፤ ሯጩ መልሶ ወረወረለት፤ ታይስማን የሚሰጠው ሰው ሲፈልግ ሎውረንስ ቴይለር ላዩ ላይ ወረደበት። የጨዋታውን ሕግ ያን ጊዜ ገና ለይቼ አላውቅም። ነገር ግን ያ ሁሉ የሚፈራው ቴይለር ከላዩ ተነሥቶ፣ እንደ ለቅሶተኛ ራሱን ይዞ፣ ሐኪም ድረሱ እያለ እጁን ሲያወናጭፍ ሳይ ገባኝ። አብሮኝ የሚሠራው ጎንደሬ «እግሩ! እግሩ!» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቀጥሎ ለመጣው ደንበኛ የሌላ ሰው ቁልፍ ሰጠሁት። ታይስማን ከዚያች ምሽት በኋላ ኳስ አልተጫወተም።

ይህን የማወራህ ለምን መሰለህ? የታይስማንን ግራ ጎን የሚጠብቀው ጆ ጃኮቢ ነበር፤ በዚያች ምሽት ግን በጉዳት ምክንያት አልተሰለፈም። አንድ ሰው ጎደለ፤ አንድ እግር ተሰበረ። አሁን እኛ በ2024 በ2ኛ ተራ የመረጥነው ጄይደን ዳንኤልስ አለን፤ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ የተባለ ልጅ። ቀጭን ነው፤ ይሮጣል፤ ለመመታት አይሰስትም። ባለፈው ወቅት 47 ጊዜ ተጥሏል። ጥቅምት ላይ የጎን አጥንቱን ተጎድቶ በሳምንቱ በቺካጎ ላይ በመጨረሻዋ ሰከንድ ያቺን 52 ያርድ ወርውሮ ሲያሸንፈን አንተ ጣራ ነካህ፤ እኔ እጄን ጎኔ ላይ አድርጌ ነበር የማየው። በ29ኛው ተራ ጠባቂ ውሰዱለት! ታክል፣ የጠባቂዎቹን መስመር ዳር የሚዘጋ ሰው! የቀኝ በሩ ክፍት ነው።

ደግሞ «አሳማዎች» የተባሉትን የቀድሞ ጠባቂዎቻችንን አትርሳ። አሠልጣኝ ጆ ጊብስ ሦስት ሱፐር ቦውል ያሸነፈው በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች ነው፦ በታይስማን፣ በዳግ ዊሊያምስ፣ በማርክ ሪፒን። ኳርተርባኩ ተለዋወጠ፤ ከፊት የቆሙት ጃኮቢ፣ ቦስቲክና ግሪም ግን ሦስቱም ላይ ነበሩ። በ1991 ሪፒን በመደበኛው ወቅት የተጣለው 7 ጊዜ ብቻ ነው። ደጋፊው ለእነዚህ ወፍራሞች ክብር የአሳማ አፍንጫ እየለጠፈ ስታዲየም ይገባ ነበር። እኔ ጾመኛው፣ የአሳማ ስም ሲጠራ የማማትብ ሰው፣ ጢማም ሽማግሌ ቀሚስ ለብሶ የአሳማ አፍንጫ አድርጎ ሳይ፣ ይህ ሕዝብ ምን ነካው ብዬ ነበር። በኋላ ለምጄው ወደድሁት።

የእህት ልጅ፦

ጋሼ፣ የመኪና ማቆሚያውን ታሪክ በየዓመቱ ነው የምሰማው፤ አሁንም አስለቀሰኝ። ሆኖም ምስክርዎ ለእኔ መሰከረ።

«አሳማዎቹ» እንዴት ተገኙ? ማርክ ሜይ ብቻ ነው በመጀመሪያ ዙር የተመረጠው፤ በ1981 በ20ኛ ተራ። ረስ ግሪም ሦስተኛ ዙር። ቦስቲክና ጃኮቢስ? ማንም ቡድን አልመረጣቸውም! ያ እርስዎ የሚያለቅሱለት ጃኮቢ በነጻ የመጣ ሰው ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ካለ ጠባቂ ከየትም ይሠራል። ዛሬም ያው ነው፤ የፊላደልፊያው ጆርዳን ማይላታ ከአውስትራሊያ የመጣ የራግቢ ተጫዋች ነበር፤ በሰባተኛው ዙር፣ በ233ኛ ተራ ተወሰደ። ከ160 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው እግሩን ማንቀሳቀስ ከቻለ ቀሪውን ያስተምሩታል። ፍጥነትን ግን ማን ያስተምራል?

ሌላው ደግሞ፣ በመጋቢት ላሬሚ ታንሲልን ከሂውስተን ገዝተናል። ለእርሱ ብለን የዘንድሮውን ሦስተኛ ዙር፣ የመጪውን ዓመት ሁለተኛ ዙር፣ ሌላም ጨምረን ሰጥተናል። አምስት ምርጫ ብቻ የቀረን በዚህና በመሰሉ ግዢዎች ነው። ታንሲል በግራ ይቆማል፤ ባለፈው ዓመት በሦስተኛ ዙር የመረጥነው ብራንደን ኮልማን ልምድ አግኝቷል፤ አንድሩ ዋይሊም አለ። አንድ ቤት ስንት ዘበኛ ይቀጥራል?

አጎት፦

ስንት በር አለው? መልሱ እሱ ነው።

ታንሲል ነሐሴ ላይ 31 ዓመት ይሞላዋል፤ ውሉ እስከ 2026 ነው። ያ ማለት ዳንኤልስ ገና በጀማሪ ደመወዙ እያለ የግራ በሩ እንደገና ይከፈታል። ዛሬ በቀኝ የምናቆመው ልጅ ነገ ወደ ግራ ይሻገራል። ገንዘቡንም አስበው፤ አንተ የሒሳብ ሰው አይደለህም እንዴ? ለአራት ዓመት የዳንኤልስ ደመወዝ በጠቅላላ 38 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ሊጉ ለአንድ ቡድን በ2025 የፈቀደው የደመወዝ ጣሪያ ደግሞ 279 ሚሊዮን። ኳርተርባኩ ርካሽ የሆነበት ዘመን አጭር ነው። በዚያ ዘመን ልጁ አልጋ ላይ ከተኛ፣ የአንተ አሳዳጅ የሚያሳድደው ለማን ነው?

ጠባቂ ከየትም ይገኛል ላልኸው፣ አሳዳጅስ? ከ«አሳማዎቹ» ጋር በአንድ ሜዳ የነበረው ዴክስተር ማንሊ በአምስተኛ ዙር የተገኘ ነው! ቻርልስ ማን በሦስተኛ። ባለፈው ሱፐር ቦውል ማሆምስን ሁለት ጊዜ ተኩል የጣለው የፊላደልፊያው ጆሽ ስዌት በ130ኛ ተራ ነው የተመረጠው። ዴቪስ፣ ካርተር፣ ስሚዝ እያልህ ስትቆጥር ስዌትን ዘለልኸው።

ማሆምስስ ስድስት ጊዜ ለምን ተጣለ? ካንሳስ ሲቲ በግራ ታክል ቦታ ያቆመው ጆ ቱኒን ነው፤ ሥራው ጋርድ፣ ማለት ከታክል ወደ ውስጥ የሚቆም ጠባቂ የሆነ ሰው። ጎበዝ ነው፤ ቦታው ግን አይደለም። አንተ ያን ጨዋታ አይተህ አሳዳጅ ያስፈልገናል አልህ፤ እኔ ጠባቂ የጎደለው ቤት ምን እንደሚመስል አየሁ።

ቼስ ያንግንም አላነሣኸውም። በ2020 በ2ኛ ተራ፣ የአካባቢያችን የሜሪላንድ ልጅ። በመጀመሪያ ዓመቱ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተከላካይ ተባለ፤ ማሊያውን ገዝተህ ሰርግ ላይ ልትለብሰው ነበር፤ እናትህ ከለከለችህ። በ2021 ጉልበቱ ተበጠሰ፤ በ2023 በአንድ የሦስተኛ ዙር ምርጫ ለሳን ፍራንሲስኮ ሸጥነው።

የእህት ልጅ፦

ማሊያውን አሁንም አልጣልሁትም።

ስለ ስዌት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሆን ብዬ ነው የዘለልሁት። ነገር ግን 47ቱን ሳክ ሁሉ በጠባቂዎቹ ላይ አይጫኑ። ዳንኤልስ ኳሱን ይዞ ይቆያል፤ እየሮጠ ያመልጣል፤ ያን ስለሚያደርግ ነው በወቅቱ 891 ያርድ የሮጠው። አንዳንዴም አያመልጥም። ጣጣውና በረከቱ ከአንድ እግር ነው የሚመጡት።

ደግሞ ኳርተርባክን የሚሰብረው ሁልጊዜ የጠባቂ እጦት አይደለም። ሮበርት ግሪፈንን ያስታውሱ። በ2012 እርሱን በ2ኛ ተራ ለማግኘት ሦስት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ለሴንት ሉዊስ ሰጠን። በጥር 2013 ከሲያትል ጋር ጉልበቱ ሲከዳው ማንም አልነካውም። ዝቅ ብላ የመጣችን ኳስ ሊያነሣ ዞር ሲል ነው የወደቀው። አምስት ታክል ቢያሰልፉለትስ ምን ይጠቅመው ነበር?

አጎት፦

ኳሷን ዝቅ አድርጎ የሰጠው ማን ነው?

ከመስመሩ መሐል ኳሱን ወደ ኋላ የሚሰጠው ሴንተሩ አይደለም? ሴንተር የመስመር ሰው አይደለም? ምስክርህ ለእኔ መሰከረ! ይህንን ስጽፍ ለብቻዬ ስቄአለሁ፤ መኪና ውስጥ ተሳፋሪ አለመኖሩ ጥሩ ሆነ።

ባይሆን አንድ ነገር እሰጥሃለሁ። መከላከያችን ሯጭ ማቆም አልቻለም፤ ባርክሊ ያሳየን እውነት ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ግን መሐል ላይ እንደ ዋርካ የሚተከል ሰው እንጂ ከዳር የሚሮጥ አይደለም። አንተ በሽታውን አውቀህ መድኃኒቱን ሳትኸው። በሁለተኛው ዙር፣ በ61ኛው ተራ አሳዳጅህን ውሰድ፤ አልከለክልህም። በ29ኛው ግን ታክል። ውርርዱ ክትፎ ነው፤ ሕማማት ላይ ስለሆንሁ ስሙን መጥራቴን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ከፋሲካ በኋላ ይበላል።

የእህት ልጅ፣ ከምርጫው በኋላ፦

ጋሼ፣ ሐሙስ ሌሊት ተራችን እኩለ ሌሊት ሊቀርብ ሲል ደረሰ። ስሙ ሲጠራ ስልኬ ጮኸ፤ እርስዎ ነበሩ፤ አላነሣሁም። ጆሽ ኮነርሊ፣ ከኦሪገን፣ ታክል። ክትፎው የእርስዎ ነው።

አርብ በ61ኛው ተራ አሳዳጄን እጠብቃለሁ ብዬ ስቀመጥ ትሬይ ኤሞስን ወሰዱ፤ የክንፍ ተከላካይ። ቅዳሜ አንድ ተቀባይ፣ አንድ ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ኋላ የሚቆም ተከላካይ) እና አንድ ሯጭ። በአምስት ምርጫ አንድም የዳር አሳዳጅ የለም! ኤዚሩዋኩን ማን እንደወሰደው ያውቃሉ? በ44ኛ ተራ፣ ዳላስ። ፋውለርን የወሰደው ዳላስ። አሁን ሁለቱም በዓመት ሁለት ጊዜ የእርስዎን ዳንኤልስ ሊያሳድዱ ይመጣሉ፤ በአንደኛው በኩል ገና ኮሌጅ የለቀቀ ልጅ ይቁምላቸው እንግዲህ።

አጎት፦

ክትፎው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት፤ ለብለብ ይሁንልኝ። የቼስ ያንግን ማሊያ ለብሰህ እንዳትመጣ።

የዳላሱ ነገር እኔንም እንቅልፍ ነሥቶኛል። ለእናትህ እንዳትነግራት።