ጋኑን ወስዶ ጠጠሩን መጣል

ሰሞኑን ፊልም በአማርኛ እየተረከ የሚያቀርብ አንድ የዩቲዩብ ቻናል «ዴድ ኦፍ ናይት»ን ይዞ ብቅ ብሏል። አምስት አጫጭር ታሪኮችን አያይዞ የያዘ የ1945 የእንግሊዝ አስፈሪ የስብስብ ፊልም ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ችግሩ፣ ከአምስቱ ታሪኮች የቀረበው አንዱ ብቻ መሆኑ ነው፤ የመጨረሻው፣ የአሻንጉሊቱ። ቀሪውስ የት ሄደ ብለው ለጠየቁ ተመልካቾች ተራኪው ከሥር እንዲህ ብሎ መልሷል፦ «ሌላው ማሟያ ነው። የስብስብ ፊልም ማለት የድሮ ሰው የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ምርጡን አውጥቶ ማየት ይበቃል።» መልሱ ላይክ ዘንቦበታል።

ከቀላሉ ልጀምር፣ ከቴሌቪዥኑ። የቢቢሲ ቴሌቪዥን ጦርነቱ ሲመጣ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ተዘጋ። ተመልሶ የተከፈተው ጁን 7 ቀን 1946 ነው። «ዴድ ኦፍ ናይት» ሲኒማ ቤት የገባው በሴፕቴምበር 1945፣ በመላው ብሪታንያ ሥርጭት ላይ ያለ አንድም የቴሌቪዥን ጣቢያ ባልነበረበት ወቅት ነው። አባት ልጁን ኮረጀ ተብሎ የሚከሰስበት አገር ካለ ንገሩኝ። በየሳምንቱ አንድ አስፈሪ ታሪክ ይዘው የሚመጡት የቴሌቪዥን ተከታታዮች ናቸው ከዚህ ፊልም የተማሩት። ይህን ለማወቅ ዓመተ ምሕረት ማንበብ በቂ ነበር።

አሁን ወደ «ማሟያ»ው። ቃሉ የሚያበሳጨኝ ስድብ ስለሆነ ሳይሆን ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ ባለማየት የተነገረ ስለሆነ ነው። ኢሊንግ ስቱዲዮ ይህን ፊልም ለአራት ዳይሬክተሮች አከፋፈለው። ካቫልካንቲ የገናውን ግብዣና የአሻንጉሊቱን፣ ሮበርት ሄመር የመስታወቱን፣ ቻርልስ ክራይተን የጎልፉን፣ ባዚል ዲርደን የሬሳ ሠረገላውንና ሁሉንም የሚያያይዘውን የሳሎኑን ታሪክ ወሰዱ። ሥራው ያለው ሳሎኑ ውስጥ ነው። ዋልተር ክሬግ የተባለ አርክቴክት አንድ የገጠር ቤት ይደርሳል፤ ቤቱንም እንግዶቹንም በተደጋጋሚ በሕልሙ አይቷቸዋል። ገና ያልመጣች ጠቆር ያለ ፀጉር ያላት ሴት ገንዘብ አጥታ እንደምትገባ፣ የሐኪሙ መነጽር እንደሚሰበር፣ ከዚያ እሱ ራሱ አንድ ክፉ ነገር እንደሚያደርግ ይናገራል። እንግዶቹ ተራ በተራ የየራሳቸውን ታሪክ ሲያወሩ፣ በመካከሉ ትንቢቱ አንድ በአንድ ይፈጸማል። ታሪኮቹ የሚነገሩበት ጊዜ ለክሬግ የቀረችው ጊዜ ናት። አንዱን ታሪክ ባወጣችሁ ቁጥር ከሰዓቱ ላይ ጥርስ ትነቅላላችሁ።

የአሻንጉሊቱን ታሪክ የሚያወራው ማን እንደሆነ ቻናሉ አልነገረንም፤ ሊነግረን አይችልማ፣ ቆርጦታል። የሚያወራው ዶክተር ቫን ስትራትን ነው። ከእንግዶቹ ሁሉ የማያምነው፣ እያንዳንዱ ታሪክ ባለቀ ቁጥር የሥነ ልቦና ማብራሪያ የሚደረድረው ሐኪም። አራቱን ታሪኮች በትምህርቱ ሲያፈርስ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ከራሱ መዝገብ የሚያወጣው ከሁሉም የባሰውንና ራሱም በወጉ ያልፈታውን ነው። ማይክል ሬድግሬቭ የሚጫወተው ማክስዌል ፍሪር፣ አፉን ሳያንቀሳቅስ ሁጎ የተባለውን አሻንጉሊት የሚያናግር የመድረክ ሰው፣ ለብቻው ሲታይ አእምሮውን የሳተ ሰው ታሪክ ነው። ከተጠራጣሪው ሐኪም አፍ ሲወጣ ግን የመጨረሻው ምሽግ ሲፈርስ እያየን ነው። ቻናሉ ይህን ጥሎ ሬድግሬቭን ብቻ አቀረበልን። ሬድግሬቭ ድንቅ ነው፤ ማን ካደ?

በዚያ ላይ እጆቹን ተመልከቱ። በመስታወቱ ታሪክ ጆአን ለእጮኛዋ ለፒተር የገዛችው አሮጌ መስታወት ሌላ ክፍል ያሳያል፤ የቀድሞ ባለቤቱ ሚስቱን አንቆ የገደለበትን። ቅናቱ ወደ ፒተር ተሻግሮ እጁ ወደ ጆአን አንገት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የክሬግ እጅ ወደ ሐኪሙ አንገት ይሄዳል። ከዚያ በቅዠቱ ውስጥ ሁጎ፣ ያ አሻንጉሊት፣ ራሱ ተራምዶ መጥቶ እጁን ወደ ክሬግ አንገት ይዘረጋል። ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት እጅ፣ በሁለት ዳይሬክተር። ይህ በአጋጣሚ አይመጣም። መስታወቱን ያላየ ሰው የሁጎን መራመድ አይቶ ይደነግጣል፤ ከየት እንደመጣ ግን አያውቅም።

ሊታለፍ የማይገባው ደግሞ ይህ ስህተት አዲስ አለመሆኑ ነው። አሜሪካ የገባው ቅጂ ረዘመ ተብሎ የገናው ግብዣና የጎልፉ ታሪክ ተቆርጠውበታል፤ 103 ደቂቃ የነበረው ወደ 77 ገደማ ወረደ። ምን ሆነ? ክሬግ በመጨረሻው ቅዠት በታሪኮቹ ሁሉ ውስጥ እየሮጠ ያልፋል፤ የገናው ግብዣ ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ ይደርስባቸዋል። ግብዣውን ያላየ አሜሪካዊ ተመልካች እነዚህ ልጆች ከየት መጡ ብሎ ግራ ተጋባ። ፊልሙን «ለማቅለል» የተደረገው መቁረጥ የፊልሙን ጫፍ እንቆቅልሽ አደረገው። ሰማንያ ዓመት ገደማ የሆነው ስህተት በአማርኛ ተተርጉሞ ሲቀርብልን «ምርጡን መርጠንላችሁ» እየተባልን ነው።

የጎልፉን ታሪክ ማንም አይወደውም፤ ስለዚህ እኔ እከራከርለታለሁ። መነሻው ኤች. ጂ. ዌልስ በ1902 ያወጣው አጭር ልቦለድ ነው። ወደ መጣበት ለመመለስ የሚያስፈልገውን የእጅ ምልክት የረሳ መንፈስ አለ፤ ሰውየው ምልክቱን አስመስሎ ሲያሳይ እዚያው ወድቆ ይሞታል። ኢሊንጎች ከዚህ ውስጥ የእጅ ምልክቱን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ወደ ቀልድ ቀየሩት፦ ሁለት ጎልፈኞች አንዲትን ሴት በ18 ጉድጓድ ጨዋታ ይወራረዱባታል፣ አሸናፊው አጭበርብሯል፣ ተሸናፊው ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ይሞትና መንፈስ ሆኖ ይመጣል፣ ምልክቱን ይረሳል። በመጨረሻ የሚጠፋው በሕይወት ያለው ሰው ነው። ራድፎርድና ዌይን ሲጫወቱት ያስቃል። ቦታውን ግን እዩ፤ ጆአን ልትታነቅ ከደረሰችበት በኋላ፣ ከአሻንጉሊቱ በፊት ነው። ተመልካቹ ትንፋሹን ይለቃል፣ መንፈስ የሚሳቅበት ነገር ነው ብሎ ይዘናጋል፣ በዚያው ቅጽበት ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠርጎ ይጀምራል። ሳቁን አውጡት፤ ሁለት ከባድ ታሪክ ተደራርቦ የሁለተኛው ዱላ በደነዘዘ ጀርባ ላይ ያርፋል። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚሉት አባቶች የፊልም ኤዲተር አልነበሩም፤ ይህን ግን ያውቁ ነበር።

ቶማስ ጎልድ፣ ኸርማን ቦንዲና ፍሬድ ሆይል የተባሉት የካምብሪጅ ሳይንቲስቶች ይህን ፊልም አይተው፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር መግጠሙን ካዩ በኋላ፣ ዩኒቨርስም እንዲህ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ቢሆንስ ብለው ማውጠንጠን እንደጀመሩ ይነገራል። ንድፈ ሐሳባቸውን በ1948 አወጡ። ንድፈ ሐሳቡ ኋላ ወደቀ፤ ያ የነሱ ጉዳይ ነው። አሻንጉሊቱን ብቻ ቢያዩ ኖሮ ግን ስለ አሻንጉሊት ነበር የሚጽፉት።

«ዴድ ኦፍ ናይት» ልዩ ስለሆነ ነው የሚል ካለ፣ አሚከስ የተባለውን የእንግሊዝ ፊልም ኩባንያ «ፍሮም ቢዮንድ ዘ ግሬቭ» (1974) ልስጠው። አራቱም ታሪኮች ከቼትዊንድ-ሄይስ አጫጭር ልቦለዶች የተወሰዱ ናቸው፤ የሚያያዙት ተዋናዩ ፒተር ኩሺንግ ባለሱቅ ሆኖ በሚጠብቀው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነው። አንዱ ደንበኛ ውድ መስታወት ቅጂ ነው ብሎ አዋርዶ ይገዛል። ሁለተኛው ሜዳሊያ ይሰርቃል። ሦስተኛው የዋጋ ወረቀት ይቀያይራል። ሦስቱም ዋጋቸውን ያገኛሉ። አራተኛው ወጣት አሮጌ በር ሲገዛ ባለሱቁ የገንዘብ ሳጥኑን ክፍት ትቶ ወደ ጓዳ ይገባል። ወሰደ? አልወሰደም? ካሜራው አይነግረንም። ከበሩ ማዶ ያለው ክፋት ወጣቱንና ሚስቱን ሲያስጨንቅ እኛ የምንጨነቀው ስለ ሳጥኑ ነው፤ ኩሺንግ ብሩን ሲቆጥርና ሙሉ ሆኖ ሲያገኘው ነው የሚተነፈሰው። ይህ አራተኛ ታሪክ ለብቻው ተቆርጦ ቢቀርብ ምን ይቀራል? ክፉ በር ያለበት ቤት። ውጥረቱን የሠሩት ከእሱ በፊት የተቀጡት ሦስት አጭበርባሪዎች ናቸው፤ በቻናሉ ቋንቋ ግን ሦስቱም «ማሟያ» ናቸው።

ከእንግሊዛዊው ደራሲ ሳመርሴት ሞም አጫጭር ልቦለዶች የተሠሩት ሦስቱ ፊልሞች፣ «ኳርቴት» (1948)፣ «ትሪዮ» (1950) እና «ኢንኮር» (1951)፣ ሌላ መንገድ ነው የያዙት። ሳሎን የለም፣ ሱቅ የለም፤ ደራሲው ራሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያስተዋውቃል። እዚህ ትስስሩ ልል መሆኑን አልክድም። ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ታሪክ በልኩ ይሰፋል። «ዘ ቨርጀር»ን ውሰዱ። ለዓመታት ቤተ ክርስቲያን ያገለገለ ሰው ማንበብና መጻፍ አለመቻሉን አዲሱ ቄስ ሲደርስበት ያባርረዋል። በሐሳብ ሲሄድ ሲጋራ ያምረዋል፤ በዚያ ረጅም መንገድ ላይ ሲጋራ የሚሸጥ ሱቅ የለም። ራሱ ይከፍታል። በአሥር ዓመት አሥር ሱቅ ይሆንለታል። የባንክ ሥራ አስኪያጁ ማንበብ አለመቻሉን ሲሰማ፣ ማንበብ ብትችል ኖሮ ምን ትደርስ ነበር ብሎ ይገረማል፤ መልሱ፣ የዚያው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው። ጥቂት ገጽ ናት፤ አንድ ማጠፊያ ብቻ አላት። ይህችን ወደ 90 ደቂቃ ለመጎተት ፍቅረኛ መጨመር፣ ወንድም መጨመር፣ ተቀናቃኝ ባለሱቅ መጨመር ግድ ነው። ማሟያ ማለት እሱ ነው! አጭር ልቦለድን ወደ ሙሉ ፊልም የሚለጥጡት ናቸው ወጡ ላይ ውሃ የሚጨምሩት። «ትሪዮ» ለአገልጋዩ ትንሽ ደቂቃ ሰጥቶ፣ የሰው ብዛትና የፍቅር ጣጣ ላለበት «ሳናቶሪየም» ረጅሙን ድርሻ ተወለት።

እነዚህን ፊልሞች መውቀስ የሚፈልግ ሰው ትክክለኛውን ቁስል ይንካ። ቁስሉ «ኳርቴት» ላይ ነው። በሞም «ዘ ኮሎኔልስ ሌዲ» ውስጥ፣ ደብዛዛ የሚመስሉት የኮሎኔሉ ሚስት ስለ አንድ ወጣት ፍቅረኛቸው የግጥም መጽሐፍ ያወጣሉ፤ ባል እስከ መጨረሻው የሚገርማቸው ያ ሰው በምን ወደዳት የሚለው ነው። ሙሉው መርዝ እዚያ ነው ያለው። በፊልሙ ግን ሚስትየዋ ያ ፍቅረኛ አንተው ነህ፣ ያኔ በወጣትነትህ ይሏቸውና ይታረቃሉ። «ዘ ካይት» ላይም እንዲሁ። በልቦለዱ ሰውየው ካይቱን፣ ያን በክር የሚበረውን መጫወቻ፣ ለሰባበረችበት ሚስቱ ቀለብ ከመክፈል እስር ቤት ይሻለኛል ብሎ ይቀመጣል፤ በፊልሙ ያስታርቋቸዋል። ይህን ያደረገው የስብስብ ቅርጽ አይደለም፤ ተመልካቹን ፈገግ ሳያደርጉ ወደ ቤቱ የመላክ ፍርሃት ነው።

ደካማ ታሪክ የለም አላልኩም። በ«ቶርቸር ጋርደን» (1967) ውስጥ በባለቤቱ ፍቅረኛ ላይ ቀንቶ የሚገድል ፒያኖ አለ። ለእሱ ጥብቅና አልቆምም፤ ፒያኖ ሲንቀሳቀስ አያስፈራም። ይህን ያህል ይበቃል።

ለቻናሉ የምለው ግን አለኝ፤ ሥራውን ማቆም የለበትም። 103 ደቂቃ በአንዴ ከረዘመ በሦስት ይከፈል። የመጀመሪያው ቪዲዮ የክሬግን መድረስ፣ ትንቢቱን፣ የሬሳ ሠረገላውንና የገናውን ግብዣ ይያዝ። ሁለተኛው መስታወቱንና ጎልፉን ያስከትል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የሳሎን ወግ ሳይነካ። ሦስተኛው ከሐኪሙ ንግግር ይጀምር እንጂ ከመድረኩ አይጀምር። የሬሳ ሠረገላው ነጂ ከታች ቀና ብሎ የሚናገራት ዓረፍተ ነገር፣ ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ አለ የምትለው፣ ኋላ አውቶቡሱ በር ላይ ስትደገም በአማርኛውም ቃል በቃል አንድ ትሁን። መነሻው ከሆነው ከ1906ቱ የኢ. ኤፍ. ቤንሰን አጭር ልቦለድ ጀምሮ ያ ታሪክ የቆመው በእሷ ላይ ነው፤ ተራኪ ለማሳመር ብሎ ሁለተኛዋን ከለወጣት ታሪኩ የለም።

ሬድግሬቭ ሲጨርስም ፊልሙ አላለቀም። ስልኩ ይጮሃል፣ ክሬግ ቤቱ ውስጥ ይነቃል፣ አንድ የማያውቀው ሰው ወደ ገጠር ቤቱ ይጋብዘዋል፣ መኪናዋ መጀመሪያ ላይ በመጣችበት መንገድ እንደገና ትመጣለች። የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር የሚያልፈው በዚያ ምስል ላይ ነው። ሰብስክራይብ አድርጉ የሚለውን ሰሌዳ እዚያ ላይ ለመለጠፍ የቸኮለ ሰው መኪናዋ እስክትቆም ይታገስ።