ፎቶው ከእንጦጦ ይውረድልን

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። ከግቢዬ በር ላይ ቆሜ ወደ ደቡብ ሳይ የእንጦጦ ባህር ዛፍ ይታየኛል። እዚያ ጋራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የሳተላይታችን መቆጣጠሪያ ጣቢያ አለ። ጎረቤቴ ናት ማለት ነው። ሳተላይቷ ያነሳችው ፎቶ ግን እኛ ሰፈር ሲደርስ አላየሁም።

ትዝ ይላችኋል፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ ማለዳ ነበር። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1፣ ቻይና ውስጥ ካለው የታይዩዋን ማዕከል በሎንግ ማርች ሮኬት ወጣች። እንጦጦ ላይ ሰው በብርድ ተሰብስቦ በስክሪን ተመለከተ። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ታንሳለች። ከወጪዋ 6 ሚሊዮን ዶላር ያህሉን ቻይና ሸፈነች። የእኛም መሐንዲሶች በሥራዋ ተሳትፈዋል። በዓመቱ ደግሞ 9 ኪሎ የማትሞላ ታናሽ እህት ተከተለቻት።

ያኔ "የምንበላው ሳይኖረን ሳተላይት ምን ያደርግልናል?" ያለ ብዙ ነበር። ዛሬም አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። የምንበላው የሚበቅለው መሬት ላይ ነው፣ ሳተላይቷም የወጣችው መሬት ልታይ ነው። ጤነኛ ቅጠል ዓይናችን የማያየውን የብርሃን ዓይነት አብዝቶ ይመልሳል። የታመመ ወይም የተጠማ ሰብል ደግሞ ያንን ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ብርሃን የሚለይ ካሜራ፣ ማሳው ቢጫ ሳይሆን በፊት ችግሩን ሊጠቁም ይችላል። ለገበሬ አገር ይህ ቅንጦት አይደለም።

ጎረቤቴ አንድ አዛውንት ናቸው። ድርቆሽ ያጭዳሉ፣ ጥቂት ገብስ ይዘራሉ፣ ወተት ይሸጣሉ። አንድ ቀን አጥር ላይ ተደግፈው "ያቺ እንጦጦ ያለችው ነገር ዝናብ ትናገራለች?" አሉኝ። እንጦጦ ያለው መቆጣጠሪያው እንደሆነ፣ ሳተላይቷ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደምትዞር ነገርኳቸው። ዝናብ የሚከታተሉት ሌሎች ሳተላይቶች ናቸው፤ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ደመናውን ቀን ከሌት ያያሉ። የእኛዋ የወጣችው መሬቱን ልታይ ነው።

"ታዲያ እኔን ታየኛለች?"

በእርምጃ እንለካው አልኳቸው። በሳተላይቷ ፎቶ ላይ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ በየጎኗ 14 ሜትር ገደማ ናት። ከባህር ዛፉ ሥር ተነስቼ 18 እርምጃ ሄድኩ፣ ወደ ጎን ታጥፌ ሌላ 18። ጎጆአቸው፣ የላሞቹ በረትና የኩበቱ ክምር አንድ ላይ እዚያች ነጥብ ውስጥ ገቡ። አባባ ሳቁ። "እኔስ የለሁበትም በላ!" የሉበትም። አንድ ጥማድ ማሳቸው ግን፣ ሩብ ሄክታር ቢሆን፣ 13 ነጥብ ይሆናል። ማሳውን ለማወቅ ይህ ይበቃል።

የጨረቃ ቤት አንዷን ለብቻዋ ለመያዝ ግን አይበቃም። ቤቷ የምትሠራው በሌሊት ነው፣ ካሜራው ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ይፈልጋል። ቢሆንም የዘንድሮን ፎቶ ከአምናው አጠገብ ብታስቀምጡት፣ ሣር የነበረው ቆርቆሮ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለገጣፎም በሉ፣ ሰበታም በሉ፣ ቡራዩም በሉ፣ ከተማው ወደ ማሳው እንዴት እንደሄደ ለማየት ኮሚቴ ማቋቋም አያስፈልግም።

እኔም ይህንኑ ለማየት ጓጓሁ። ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት የሱሉልታ ሜዳ ምን ያህል እንደጠበበ ማወቅ ፈለግኩ። አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ የቆየ የሳተላይት ፎቶ ጠየቅኩ። "ደብዳቤ ይዘው ይምጡ" ተባልኩ። ከየት? "ከሚመለከተው አካል።" የሚመለከተኝ እኔን ነው ብል ማን ይሰማኛል? ተመለስኩ።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል-2 ፎቶ በነፃ ተለቋል። የነጥቡ ስፋት 10 ሜትር ነው፣ ከእኛዋ የበለጠ ጥርት ይላል። ሁለቱ ሳተላይቶች ተጋግዘው በየ5 ቀኑ በአንድ ቦታ ላይ ያልፋሉ። የአሜሪካኖቹ ላንድሳትም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ነው። ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ የሱሉልታን ሜዳ አየሁት። ደብዳቤ የጠየቀኝ የለም።

እንግዲህ የሰው ፎቶ በነፃ እያለ የራሳችን ለምን አስፈለገን? ለእኔ መልሱ ሙያው ነው። ሳተላይት ነድፎ፣ አዝዞ፣ መረጃዋን ተቀብሎ የሚሠራ ባለሙያ በነፃ አይታደልም። ሙያውን ከያዝን በኋላ ፎቶውን መቆለፍ ግን አይገባኝም። የጦር ምስጢር ያለበት ቦታ ይሸፈን። የአባባ ገብስ ምን ምስጢር አለው?

ደግሞ ደመናው አለ። ሰብሉ የሚያድገው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ ሱሉልታ ላይ እንኳን ሳተላይት፣ እኔም እንጦጦን ለቀናት አላየውም። እንዲህ ያለ ካሜራ ደመና ላይ ሲደርስ ነጭ ጥጥ ነው የሚያነሳው። ደመናውን አልፎ የሚያየው ራዳር ነው። ስለዚህ ቀጣይ ሳተላይት በተባለ ቁጥር የምጠይቀው ስንት ኪሎ እንደሆነች ሳይሆን ክረምት ላይ ታያለች ወይ የሚለውን ነው። ራዳሩ ውድ ከሆነብን፣ ከገንዘቡ ቀንሰን በየወረዳው ፎቶ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው እናሠልጥን። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ በእግሩ ሁሉንም ማሳ አይዳርስም። "እዚያ ጥግ ያለው ገብስ ተጎድቷል፣ ሄደህ እየው" የሚለው ሰው ቢኖረው ግን ይደርስበታል።

ባለፈው ሳምንት አባባ አጥሩ ጋ ጠሩኝ። "ያቺ ነጥቤ እንዴት ናት?" አሉ። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። ዓይናቸውን አጨንቁረው ቆዩና "እንጦጦ ያነሳው ነው?" አሉኝ።

የአውሮፓው ነው አልኳቸው።