ጥቁር ስለሆነ ብቻ ባዛልት አትበሉት

የጥንታዊ ግብፅን ጽሕፈት ለመፍታት ቁልፍ የሆነው የሮዜታ ድንጋይ ለረጅም ዘመን «ጥቁር ባዛልት» (ከእሳተ ገሞራ ቅላጭ የረጋ ድንጋይ) ሲባል ኖሯል። ሊቃውንት የተቀረጸበትን ፊደል አንድ በአንድ ሲመረምሩ፣ ድንጋዩ ራሱ ግን በመልኩ ብቻ ተሰይሞ ቀረ። ብሪቲሽ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያጸዳው፣ ያ ጥቁረት ከጎብኚዎች እጅ እንዲጠብቀው የተቀባ ሰምና የተጠራቀመ እድፍ ሆኖ ተገኘ። ከሥሩ የወጣው ግራኖዳዮራይት የሚባል፣ የግራናይት ዘመድ የሆነ ግራጫ ድንጋይ ነው።

ይህ ስህተት ዛሬም ይደገማል። ጥቁርና ከባድ ድንጋይ ያየ ሁሉ «ባዛልት ነው» ብሎ ያልፋል። በእኔ እምነት ከምልክቶቹ ሁሉ ደካማው ቀለም ነው። ባዛልት ብረት ስላለበት አየርና ውኃ ሲፈራረቁበት ይዝጋል፤ ላዩም ቡናማ ወይም ቀይ ይሆናል። ጥቁር የኖራ ድንጋይ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ቁርጥ ባዛልት ነው።

ስለዚህ ዓይንን ከፍንጣሪ ከልሎ ድንጋዩን መስበርና አዲሱን ገጽ ማየት ይበጃል። የባዛልት ስብራት ደብዛዛ ነው፤ ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ አብዛኞቹ በዓይን አይለዩም። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭና ጠርዙ የሚቆርጥ ከሆነ ባልጩትን መጠርጠር ነው። ቅንጣቶቹ ጎልተው ከታዩ ጋብሮ የሚባለው ድንጋይ ሊሆን ይችላል። የባዛልትና የጋብሮ ዝምድና ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ስሪታቸው አንድ ሆኖ የለያቸው የመቀዝቀዣ ጊዜ ነው። ባዛልት እስከ 1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ ግሎ ገጸ ምድር ላይ ፈስሶ ቶሎ ስለሚረጋ ክሪስታሎቹ ማደጊያ ጊዜ አያገኙም፤ ጋብሮ ግን በጥልቁ ቀስ ብሎ ይበርዳል። የኖራ ድንጋይን የሚያጋልጠው የአሲድ ጠብታ ነው፤ ይፈላበታል። ጠብታው ግን ጥቁሩ አካል ላይ ይረፍ፤ የባዛልትን የጋዝ ቀዳዳዎች የሞላው ነጭ ማዕድንም ሊፈላ ይችላልና።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አንዴሳይት የሚባለው ዘመዱ ያታልላል። ባዛልት ለመባል የሲሊካው (የሲሊኮንና የኦክስጅን ውህድ) መጠን ከ45 እስከ 52 በመቶ መሆን አለበት፤ ይህን ደግሞ የሚለካው ላቦራቶሪ ነው። ስሙ ተራ መለያ አይደለም። «ባዛልት» ስንል ድንጋዩ ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ክፍል ቀልጦ እንደወጣ፣ የውቅያኖስ ወለልና የጨረቃ ጥቋቁር ሜዳዎች ከተሠሩበት ወገን እንደሆነ መናገራችን ነው። ስለዚህ በሙዚየምም ሆነ በትምህርት ቤት መደርደሪያ፣ ከድንጋዩ ስም ጎን በምን እንደታወቀ ይጻፍ፦ በዓይን፣ በአጉሊ መነጽር ወይስ በላቦራቶሪ።