ከኋላ ማን ይግባ?

ኩፔ የሚሉት ባለ ሁለት በር መኪና ያለው ሰው ወዳጅ ዘመዱን የሚያውቀው በቁመቱ ነው። ሌላው ሰው «ተጫዋቹ»፣ «ነገረኛው»፣ «ያ ብድር የማይመልሰው» እያለ ሲለይ፣ እሱ «ጉልበተ ረጅሙ» እና «ታጥፎ የሚገባው» ብሎ ለሁለት ከፍሎ ጨርሷል። የሆነ ቦታ አብሮ መሄድ ሲታሰብ ባለ አራት በር መኪና ያለው «ስንት ናችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለ ኩፔው ግን «እነማን ናችሁ?» ነው የሚለው። ስም ዝርዝሩን ሰምቶ ትንሽ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ስሌት ነው። ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ፣ ማን ደግሞ «አንተ በታክሲ ብትመጣ ይሻልሃል» እንደሚባል እየደለደለ ነው።

እኔም አንዷን ስለምነዳ ከአድልዎ ነፃ ነኝ አልልም። የማን ሥሪት እንደሆነች አልናገርም፤ ፋብሪካው ያውቃታል፣ መካኒኬ ያውቃታል፣ ይበቃል። አውሮፓዊት ናት፤ ስፖርት ቢጤ ናት፤ ወጣትነቷ አልፏል። እንዲህ ያለችውን መኪና ሰው የሚገዛው ለፍጥነት ይመስለዋል። ገዝቶ ሲያበቃ የሚረከበው ግን የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊነት ነው።

በወረቀት ላይ አራት ሰው ትይዛለች። ይህ ወረቀት ትልቅ ውለታ ውሏል፤ እሱ ባይኖር ስንቱ ባለትዳር ኩፔ የሚባል ነገር ደጁ ባላቆመ ነበር! «ልጆቹስ?» ስትለው «አራት መቀመጫ አላት እኮ» ይላታል። አልዋሸም። ፋብሪካው ከኋላ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ቆዳ አልብሶ፣ ቀበቶ አንጠልጥሎበት መቀመጫ ብሎታል። ፖርሽ 911 እ.ኤ.አ. በ1963 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፍራንክፈርት ላይ ለሕዝብ ከታየች ወዲህ አብዛኞቹ ሞዴሎቿ እነዚያን ሁለት ጉድጓዶች ይዘው ኖረዋል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጣቸው የተመቸው ሻንጣና ሕፃን ልጅ ነው።

የአገባቡ ሥርዓት ግን ሊታይ ይገባል። በፊተኛው ወንበር ትከሻ ላይ ያለችው ማንሻ ትሳባለች፤ መደገፊያው ወደፊት ይደፋል፤ ወንበሩ ይንሸራተታል። እንግዳው አጎንብሶ አንድ እግሩን ያስገባል። ሁለተኛው እግር ውጭ ቀርቶ መሬቱን አልለቅም ይላል። በዚህ መሃል የፊተኛው መቀመጫ ቀበቶ አንገቱ ላይ ይገባል። አናቱ ጣሪያውን ይመታል፤ «ምንም አይደል» ይላል። ክርኑ መስታወቱን ይመታል፤ «ምንም አይደል» ይላል። በመጨረሻ ወገቡን ወደ ጉድጓዱ ይለቀውና ጉልበቱና አገጩ ፊት ለፊት ይተያያሉ። የፊተኛው ወንበር ወደ ቦታው ተመልሶ «ትንሽ ወደፊት ልሳብልህ?» ሲባል፣ «ኧረ ተመችቶኛል!» ይላል። ኩፔ ውስጥ ከሚነገሩ ውሸቶች ሁሉ በብዛት የሚነገረው ይሄ ነው።

አክስቴ የኋላውን በር ፍለጋ መኪናዋን ዞረው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ የኛ በር የታለ?»

«ይሄው ነው አክስቴ፣ በዚሁ ነው የሚገባው።»

«ታዲያ ግማሹን ከፍለህ ነዋ የገዛሃት!»

ብዙ ጊዜ ኩፔ ከባለ አራት በር እህቷ በላይ እንደምትሸጥ፣ ማለትም ሰው ሁለት በር ስለተቀነሰለት ጨምሮ እንደሚከፍል ልነግራቸው አልደፈርኩም። የልብ ሕመም አለባቸው።

የክብር ጉዳይ ሲነሳ ነገሩ ይወሳሰባል። ትልቅ ሰው ከፊት ይቀመጣል፤ ይህ ክርክር የለውም። ከኋላ የሚገባው ታናሹ ነው። ታናሹ ግን እንደ ዘመኑ ልጅ ተመዞ አድጓል። አጭሩ ደግሞ አለቃህ ነው። አለቃን ከኋላ አስገብቶ፣ ተላላኪውን ከፊት አስቀምጦ የሚነዳ ደፋር እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ረጅሙ ተላላኪ ከኋላ በሰያፍ ይተኛል፤ አጭሩ አለቃ ከፊት እግሩን ዘርግቶ «ሰፊ ናት እኮ!» ይላል።

በሩ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ በር የሁለት በር ሥራ ስለሚሠራ ረጅምና ከባድ ነው። ጠባብ ቦታ ላይ ካቆምክ ሩቡን ከፍተህ፣ ሆድህን ስበህ፣ በበር ሥር እንደሚገባ ደብዳቤ ሾልከህ ትወጣለህ። ቀበቶውም ከትከሻህ ኋላ ርቆ ነው የተሰቀለው፤ ለመያዝ ወገብህን መጠምዘዝ አለብህ። መርሴዲስ ይህን አይቶ በ1980ዎቹ ኤስ.ኢ.ሲ. በተባሉት ትልልቅ ኩፔዎቹ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክንድ ገጠመላቸው። ክንዱ ከኋላህ ብቅ ብሎ ቀበቶህን ያቀብልሃል። ደግ ሐሳብ ነበር። ክንዱ አርጅቶ እምቢ ያለ ቀን ግን ከኋላ ለተቀመጠው ሰው ሥራ ተገኘለት ማለት ነው።

ወደ ፍጥነቱ ስንመጣ፣ ጎረቤት ሁሉ ያማሃል። ማርሚታዋ ትንሽ ስለሚያጉረመርም «ይሄ ልጅ አንድ ቀን...» ተብሎ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቀራል። መብራት ላይ ስትቆም ጎረምሶች ከጎንህ ሞተር እያስጮሁ ይጋብዙሃል። እውነቱን የሚያውቀው ከኋላህ ተሰልፎ ክላክስ የሚያደርገው ሰው ብቻ ነው። የድሮ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ከመንገደኛው ሁሉ ቀርፋፋው ነው። መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች እያንዳንዱን ጉብታ በሰያፍ፣ ጎማ በጎማ፣ ትንፋሹን ይዞ ይሻገራል። ከሥር አንዳች ነገር «ቋ» ያለ እንደሆነ የፊቱ ቀለም ይለወጣል። ያኔ ከኋላ ያለው ሰው «ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ የለበትም፤ ክብደት የጨመረው እሱ ነውና።

ዓይኑም መንገዱ ላይ ሳይሆን የሙቀት ቀስቷ ላይ ነው። ለዚህ ፍርሃት ምክንያት አለው። በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች የራዲያተራቸው ጎንና ጎን፣ የውሃ ማጠራቀሚያቸው፣ የተርሞስታታቸው ቤት ፕላስቲክ ነው፤ በአንዳንዶቹ የውሃ ፓምፑ መቅዘፊያ ሳይቀር። ፕላስቲክ በሙቀትና በግፊት ብዛት ዓመት ሲቆጥር ይደርቃል፤ የደረቀው ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀው ውሃ ይፈሳል፤ ውሃው ካለቀ የአሉሚኒየሙ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ይጣመማል። ይህን ሰንሰለት በልቡ የያዘ ሰው ሙዚቃ አያዳምጥም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ሾፌሩ በየደቂቃው እንዳይሸበር ብለው ቀስቷ በሰፊ የሙቀት ክልል ውስጥ መሃል ላይ ጸጥ ብላ እንድትቆም አድርገዋታል። መካከለኛ ኃላፊ ናት በሉት፤ ቢሮው እስኪቃጠል ድረስ «ሁሉም በተያዘለት ዕቅድ መሠረት እየሄደ ነው» የሚል ሪፖርት ታቀርባለች።

ክንፍ ያላቸውም አሉ። ከ1988 እስከ 1995 የተመረተችው ቮልስዋገን ኮራዶ የኋላ ክንፏ በራሱ የሚነሳ ነው፤ ለአውሮፓ በተሠሩት ላይ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትደርስ ብቅ ይላል። ዛሬ ይቺን መኪና የያዘ ሰው ስንት ቀን 120 ይደርሳል? ደግነቱ ክንፉን በፈለገው ጊዜ የሚያነሳባት ማብሪያ አለችው። ስለዚህ ክንፉ የሚነሳው ቆማ ነው፤ ሰው ሰብሰብ ሲል ብቅ ይላል፣ ሰው ሲበተን ይከተታል። እንዲህ ዓይነት ክንፍ ያላቸው ሰዎችም አውቃለሁ፤ እሱን ለሌላ ቀን።

ባለቤቱ ከሰው ጋር የሚነጋገረው በቁጥር ነው። ባለ ኦፔል ካሊብራውን «ትመቻለች?» ብትለው «0.26 ናት» ይልሃል። መኪናዋ አየሩን ስትሰነጥቅ አየሩ ምን ያህል ወደኋላ እንደሚጎትታት የሚለካበት፣ ባነሰ መጠን የሚሻል ቁጥር መሆኑ ነው። ሐቁን ለመናገር በ1989 ስትወጣ ያስኮራ ነበር። ነፋሱስ ተመችቶት ያልፋል፤ አንተ የጠየቅከው ግን ስለ አንገትህ ነበር።

መካኒኩ የቤተሰብ አባል ነው። ከወንድሙ ይልቅ ከእሱ ጋር ይደዋወላል። ኮፈኑ ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ከኔ በፊት ማን ነው የነካት?» ራሱን ይነቀንቃል። ባለፈው የነካትም እሱው ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይነግረዋል? ከዚያ እጁን ሰድዶ ሰድዶ፣ ከብዙ ማቃሰት በኋላ፣ ዘይት በጠገቡ ጣቶቹ መሃል ጥፍር የምታህል የፕላስቲክ ቁራጭ ይዞ ይወጣል።

«ይቺ ናት።»

«ይቺ ብቻ? ታዲያ ቀላል ነዋ!»

«እሷማ ቀላል ናት። አዲሷን ለመግጠም ግን የፊት ፓራውልቱ ይወርዳል፣ ራዲያተሩ ይወጣል፣ ከዚያ...»

«ከዚያ» የምትለዋን ቃል ሲያስረዝማት የባለቤቱ ጉልበት ይከዳል። ቀልድ የሚመስለው ካለ የፊያት ኩፔን ባለ አምስት ሲሊንደር ሞተር ይጠይቅ። ሞተሩ ጠባብ ቦታ ውስጥ በአግድም ስለተሰነቀረ ታይሚንግ ቤልቱን፣ ማለትም የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እኩል የሚያስኬደውን ቀበቶ፣ ለመቀየር ብዙ ጊዜ ራሱ ሞተሩ መውጣት አለበት። ቤልቱ ሳይቀየር ቆይቶ የተበጠሰ ቀን ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ ማን ከኋላ ይግባ ብሎ የሚጨቃጨቅ የለም።

መለዋወጫ ሻጩ ዘንድ የሚጠየቀው የቻሲስ ቁጥር ነው፤ በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት መኪኖች አንድ ዓይነት ዕቃ ላይገጥማቸው ይችላልና። ባለ ኩፔው 17ቱንም ፊደልና ቁጥር በቃሉ ያንበለብለዋል። ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ሲጠየቅ ነው «እሱን እናቱ ታውቃለች» የሚለው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሁለት ባለ ኩፔዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ነው። መብራት ይጣቀሳሉ፤ ዳር ይይዛሉ፤ ወርደው ኮፈን ይከፍታሉ።

«ዘይት ትበላለች?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«የኔም!»

ይተቃቀፋሉ። ከኋላ የተቀመጡት ግን በር የላቸውም። መስኮታቸውም አይወርድም፤ በብዙ ኩፔዎች የኋላው መስታወት ወይ ጭራሽ አይከፈትም፣ ወይ በጠርዙ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያሾፍባቸዋል። ማንሻዋ ያለችው ከፊት ነው፤ ማንሻዋን የሚያውቃት ሰው ደግሞ ስለ ካንዴላ ገለጻ እየሰጠ ነው። በእጃቸው ምልክት ያሳያሉ፤ ሰላምታ መስሎት በፈገግታ ይመልስላቸዋል። ስልክ ይደውሉለታል፤ ስልኩ እነሱው ፊት ዳሽቦርዱ ላይ ይጠራል።

ስለዚህ «ሽጣትና ተገላገል» ባዩ ብዙ ነው። ለእነሱ ባለ ኩፔው አንድ መልስ አለው፤ ኧርቭ ጎርደን። አሜሪካዊ የሳይንስ መምህር ነበር፤ በ1966 አዲስ የገዛትን ቮልቮ 1800 ኤስ እየነዳ በ2013 ሦስት ሚሊዮን ማይል፣ ወደ 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ግድም አደረሳት። «አየህ? ኩፔ ናት፣ አውሮፓዊት ናት፣ አሮጌ ናት!» ይላል ደረቱን ነፍቶ። ጎርደን ዘይቷን በጊዜው እየቀየረ፣ መመሪያ መጽሐፏ እንዳዘዘ ሲያደርግላት እንደኖረ ግን አይነግርህም፤ የሱ መመሪያ መጽሐፍ ገና ከፕላስቲኩ አልወጣም። ያቺ ቮልቮም ከኋላ ትንሽዬ መቀመጫ አላት። ያን ሁሉ ማይል ከኋላ ተቀምጬ ሄጃለሁ የሚል ሰው አልገጠመኝም።

የሚገርሙኝ እነዚያው ሽጣት ባዮች ናቸው። ፎቶ ሲሆን ኮፈኑ ላይ ተደግፈው፣ ቁልፉን ጣታቸው ላይ እያሽከረከሩ ይነሳሉ። ሰርግ ሲደርስ ደግሞ «ለአንድ ቀን ብቻ» ይላሉ። አንድ ዘመዴ፣ «የቁም እስር» ብሎ ስም ያወጣላት እሱው፣ ሊያገባ ሲል መጣ። «ባለ አራት በር አይሻልህም?» ብለው «በፎቶ እንደሷ አያምርም» አለኝ። ታጠበች፣ ተወለወለች፣ አበባ ተደረገላት። ሰዓቱ ሲደርስ የሙሽራዋ ቀሚስ ከኋላ የሚገባ እንዳልሆነ ገና ከሩቁ ታየ። እሷ ከፊት ተቀመጠች። ሾፌሩ እኔ ነኝ። የቀረው ቦታ የት እንደሆነ ለሙሽራው የነገረው የለም፤ ራሱ ገባው። ሱፉን ሰብስቦ፣ አጎንብሶ፣ አንድ እግሩን አስቀደመ።

«ተመቸህ?» አልኩት። የቀሚሱ ጭራ ፊቱ ላይ ስለነበር መልሱ አልተሰማም።

አዳራሹ በር ስንደርስ ጭብጨባው ቀለጠ። ሙሽራዋ ወረደች፤ አበባ ተበተነ፤ ሕዝቡ ከበባት፤ ካሜራው ተከተላት። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ፎቶ አንሺው ቀና ብሎ «ሙሽራውስ?» ሲል ሁሉም ወደ መኪናዋ ዞረ። ማንሻዋ እምቢ ብላኝ እየታገልኳት ነበር። ሙሽራው ከውስጥ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ በጣቱ ወደ ፖርቶ ባጋልዮው ደጋግሞ ያመለክታል፤ በዚያ በኩል አውጡኝ ነው የሚለው።