ለክቡር ፓወር ባንክ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ 5 ቮልት እንዲሰጡን ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ጀርባዎ ላይ «20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት» የሚል በትልቁ ተጽፎብዎታል። ውሸት ነው አላልንም፣ እግዜር ያሳይዎት። ብቻ ቁጥሩ የተቆጠረው ሆድዎ ውስጥ ባሉት የሊቲየም ሴሎች ልክ፣ በ3.7 ቮልት ነው። እኛ በምንፈልገው በ5 ቮልት ሲሰላ 14,800 ይሆናል፤ ከዚያም ላይ ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ሰርኪዩትዎ ድርሻውን በሙቀት ይቆርጣል። ያልተጣራ ደመወዙን ለአማቶቹ እንደሚያወራ ሙሽራ ሆኑብን እኮ!

እንቅልፍዎንስ ምን እንበለው? ስልክ ሲሞላ የሚስበው ስለሚያንስ «ሥራዬን ጨረስኩ» ብለው ይዘጋሉ፤ ለስልክ ደግ ጠባይ ነው። በአንዲት ቦርድ ላይ ያለችው ትንሽዋ ኮምፒውተር፣ ራስበሪ ፓይ ዜሮ ግን ሥራ ሲቀንስላት የምትስበው ጥቂት ነው። እርስዎ ሞላች ብለው ድርግም ያደርጓታል፤ ሌሊቱን ሙቀት እንድትመዘግብ የተተወች ቦርድ ጠዋት ባዶ መዝገብ ይዛ ትገኛለች። እንዳይተኙብን ብለው ሬዚስተር አስረው ኃይል በከንቱ የሚያነዱ ሰዎች እንዳሉስ ሰምተዋል? በባትሪ ለመሥራት ባትሪ ማቃጠል!

ደግሞ እርስዎን ራስዎን ቻርጅ ላይ ስንሰካ፣ ብዙዎቹ ዘመዶችዎ ለቅጽበት መስጠታቸውን ያቋርጣሉ። ስልክ የራሱ ባትሪ ስላለው አይሰማውም። ቦርዷ ግን እልም ትላለች፤ ያኔ ሜሞሪ ካርዱ ላይ እየጻፈች ከነበረም ፋይሉን ደህና ሁን ማለት ነው።

የቮልቱን ነገር እናንሳ ካልን፣ ራስበሪ ፓይ 4 የሚጠይቀው 5 ቮልት፣ 3 አምፒር ነው። ቮልቱ ከ4.63 ገደማ ሲወርድ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ መብረቅ ብቅ ይላል፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። መልቲሜትር ይዘን ብንመጣ እርስዎ አፍ ላይ 5.1፣ ቦርዱ ላይ 4.5! ቀሪው የት ገባ? ኬብሏ በልታዋለች፤ ደርሶ መልስ 0.2 ኦም ያላት ሽቦ 3 አምፒር ሲያልፍባት 0.6 ቮልት ትውጣለች። እርስዎም እጅዎን ታጥበው «እኔ ሰጥቻለሁ፣ ከእሷ ተቀበሉ» ይሉናል።

«65 ዋት ጉልበት አለኝ» ሲሉማ አምነን ራስበሪ ፓይ 5ን ይዘን መጣን። የለመነው 5 ቮልት በ5 አምፒር፣ 25 ዋት ብቻ ነው። ለካ ጀግንነትዎ 20 ቮልት ላይ ኖሯል! 5 ቮልት ላይ ሲመጡ 3 አምፒር ላይ ቀጥ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቀጭኗ ኬብል፣ መልስ እንድትሰጥበት
ለ7805 ሬጉሌተር፣ 12 ቮልትን ወደ 5 ለማውረድ 7ቱን በሙቀት ለሚያባክነው፣ ሲቀዘቅዝ እንዲያነበው