ቆላ የለመደው ፕላዝማ

ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ልወጣ ስሰናዳ አክስቴ ደወለች። "በግ ብለህ እንዳትቸገር፣ ከመንዝ መጥቶልናል። አንተ ብቻ ኮምፒውተርህን ይዘህ ና" አለችኝ።

ልጇን በጥር ድራለች። ቪዲዮ አንሺው "በሁለት ሳምንት" ያለውን ሠርግ በሦስተኛው ወር በፍላሽ አስረከበ። የአክስቴ ቴሌቪዥን ደግሞ ፍላሹን አልከፍትም አለ። ዛሬ ስስ ቲቪ ሁሉ ፕላዝማ ይባላል። የእሷ ግን የምሩን ፕላዝማ ነው፣ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በፈረንጆች 2014 አካባቢ ማምረት ያቆሙት ዓይነት። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የራሱን ሲቀይር ለእሷ ላከላት። ለማውረድ አራት ሰው ፈጅቷል። የዳንቴል ልብስ አለው። እኔ እዚያ ቤት የራሴ ጋቢ እንኳ የለኝም።

ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። እኔ ገመድ ልሰካ ነው የመጣሁት፣ እነሱ ግን ኦፕራሲዮን ሊያዩ ነው የመጡት።

መጀመሪያ ዲቫይደሩን አየሁ። ፍሪጅ፣ ሪሲቨር፣ የሦስት ሰው ቻርጀርና የኤሌክትሪክ ምድጃ ተሸክሟል። "ምድጃውን ከዚህ አውጡት" ስል አክስቴ "ቡናውስ?" አለች። ቡናው ከሰል ላይ ይሁን ተብሎ ከረጅም ድርድር በኋላ ተስማማን። ዴስክቶፔ ባለ ሦስት እግር ሶኬት ነው። ግድግዳው ላይ መሬት የሚባለው መስመር ከሌለ የኮምፒውተሩ ቆርቆሮ ይነዝራል፣ ኮምፒውተሩ በርቶ ገመዱን ከቲቪው ጋር ስታገናኘው ደግሞ ያቺው ንዝረት የቲቪውን መሰኪያ ልታቃጥል ትችላለች። ስለዚህ ሁለቱንም አጥፍቼ፣ መሬት ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ አድርጌ፣ ምስልና ድምፅ የሚያስተላልፈውን ኤችዲኤምአይ ገመድ ሰክቼ፣ መጨረሻ ላይ አበራሁ። በጣርማ በር በኩል ጠቁሮ ስለነበር የዲሹንም ገመድ ነቀልኩ። ጣሪያ ላይ የቆመ ብረት መብረቅን ቤት ድረስ ይጋብዛል። ልጆቹ ኳስ ቀረብን ብለው አኮረፉኝ።

በራ። ከዚያም "ዝዝዝዝዝ" አለ።

"ይኸው! ከመጣ ጀምሮ ያጉረመርማል" አለች አክስቴ። "ጸበል ስረጭበት ትንሽ ቀለል ብሎለት ነበር።"

"እትዬ! ኮረንቲ ላይ ጸበል?"

"ፊቱን ብቻ ነው የረጨሁት። ጅል አደረግከኝ እንዴ?"

ጉዳዩ የመንፈስ አይደለም። ስክሪኑ ሁለት መስታወት ነው። በመሃላቸው ባሉት ጥቃቅን ክፍሎች ኒዮንና ዜኖን የሚባሉ ጋዞች ሳስተው ታሽገዋል። መስታወቱን ከውጭ ገጥሞ የሚይዘው የአየሩ ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ራሱ ሳስቷል፣ መስታወቱ ላላ ይልና ይንዘፈዘፋል። ከ2,000 ሜትር ወዲያ ብዙ ፕላዝማ እንዲህ ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ ጡረተኛው መምህር "ባጭሩ ቆላ የለመደ ነው" አሉ።

"ታዲያ ሸዋ ሮቢት ይውረድ!" አለ አንዱ። ሁሉም ሳቀ። የሚያናድደው ግን ሰውዬው ልክ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ናት፣ ቢያወርዱት ዝም ይላል። ወዲያው ስንት ያስጭናል የሚል ስሌት ተጀመረ።

መምህሩ ግን ቂም አለባቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ሲያስተምሩ እሳቸው ክፍል ውስጥ ነበሩ። እኔም ዘጠነኛ ክፍል ደርሶብኛል። ስክሪኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ጠይቆ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ "ጎበዞች!" ይለናል። እኛ ገና እስክሪብቶ እየፈለግን ነው። "ሃያ ምናምን ዓመት አስተምሬ የዚህ ሪሞት ሆንኩ" አሉ መምህሩ፣ በከዘራቸው እያመለከቱት።

ሠርጉ ተጀመረ። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጡ መብራት ሄደ። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየበት ተብሎ ደብረ ብርሃን የተባለ ከተማ ነው። ሶኬቱን ስነቅል ቤቱ ተንጫጫ። "ለምን ትነቅለዋለህ? መብራት ሲመጣ በምን እናውቃለን?" ተመልሶ ሲመጣ ጉልበቱ ከፍ ብሎ እንደሚያቃጥል ብነግራቸውም የሰማኝ የለም። አምፖሉ ይነግረናል ብዬ ተገላገልኩ።

ማታ መብራቱ መጣ። ዕቃውን ሰክቼ ከመተኛቴ በፊት አንድ ነገር አስጠነቀቅኩ። ፕላዝማ ቂመኛ ነው። የማይንቀሳቀስ ምስል ለሰዓታት ከቆመበት፣ ፎስፈር የሚባለው የሚያበራው ቅብ እዚያች ቦታ ላይ ሌላው ሳያረጅ ያረጅና ጥላው ይቀራል። የጣቢያው ምልክት ጥግ ላይ ቀርቶ አሳየኋቸው። ብርሃኑን ቀነስኩ፣ ኮምፒውተሩ ሳይነካ ሲቆይ ምስሉን የሚያጠፋውን ስክሪን ሴቨር በአምስት ደቂቃ አደረግኩ። አክስቴ ፊቷን አጨማደደች። "እንግዳ ሲገባ ጠፍቶ ሊያገኘው?"

እኔ በአረቄ ተኛሁ። ኋላ እንደሰማሁት አክስቴ እስክስታ የወረደችበት ላይ ሲደርስ "አቁሙልኝ!" አለች። አቆሙላት። ስክሪን ሴቨሩንም አጠፉላት። ብርሃኑንም ጨመሩላት። ከዚያ ማን ያስነሳት፣ ጎረቤት እየገባ "እልል!" ሲል አነጋ።

ጠዋት ኮምፒውተሩን ዘግቼ ዜና ከፈትኩ። ከአንባቢው ትከሻ ጀርባ አክስቴ አለች። ደብዘዝ ብላ፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ግራ ሰበር አድርጋ።

"እትዬ አትደንግጪ" አልኩ። "የሚንቀሳቀስ ነገር ብዙ ሰዓት ሲታይበት ምናልባት ይለቃል።"

ቀረብ አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ራሷን አየች።

"ለምን ይለቃል?" አለች። "ይልቅ ኮምፒውተርህን ንቀልና ውሰድ። አሁንማ ያለ እሱም እየታየሁ ነው።"